የሸረሪት አደራ

የዚህች መጽሔት አዘጋጅ ጽሑፍ እንዳቀርብ በጠየቀኝ ጊዜ ስለ ሥነ ጽሑፍ፣ ወይም ስለ ወጣቱ ትውልድ ኃላፊነት አንድ ነገር ይዤ እንድመጣ መጠበቁን ከፊቱ አነበብኩ። «ስለ ሸረሪት እጽፋለሁ» ስለው ሳቀ፤ እንደማልቀልድ ሲገባው ደግሞ «መቼስ ሌላ ሰው አይሻማህም» ብሎ ፈቀደልኝ። እንግዲህ ውድ አንባቢ፣ የሀገር ጉዳይ የቸኮለበት ሰው ጥቂት ገጽ ገልብጦ ይለፈኝ። ሸረሪት የሚጸየፍ ግን አይለፈኝ፤ እኔም እንደ እሱ ነበርኩና።

ያደግሁት እንደ ብዙዎቻችን ሸረሪት በመጥረጊያ በሚባረርበት ቤት ነው። የበዓል ዋዜማ በመጣ ቁጥር እናቴ በረዥም እንጨት ጫፍ ላይ ጨርቅ አስራ የጣራውን ጥጋጥግ ስታጸዳ፣ እኛ ልጆቹ ሸረሪት እንዳይሸናብን አንገታችንን በእጃችን ሸፍነን ወደ ደጅ እንሮጥ ነበር። ስለ ሸረሪት የማውቀው ደግ ነገር «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» የሚለው ተረት ብቻ ነበር፤ እሱም ቢሆን የሚያመሰግነው ድሩን እንጂ ባለቤቱን አይደለም።

በ2016 ዓ.ም. ክረምት ትምህርት እንደተዘጋ አክስቴን ልጠይቅ ወደ አሜሪካ ሄድኩ። አክስቴ የሚኖሩት ከዋሽንግተን ጋር በተያያዘችው በሲልቨር ስፕሪንግ ነው፤ ይህች የሜሪላንድ ከተማ ከሀገራችን ሰው ብዛት የተነሣ እንጀራ ፍለጋ ሩቅ የማይኬድባት ናት። አክስቴ አረጋውያን በሚጦሩበት ቤት ሌሊት ይሠራሉ፣ ቀን ይተኛሉ። ያላቸው አንድ ልጅ ነው፤ ያኔ 15 ዓመቱ ነበር። አማርኛ ይሰማል፣ አይመልስም፤ ፊደል ደግሞ ከነጭራሹ አልቆጠረም። እኔ በአማርኛ እጠይቀዋለሁ፣ እሱ በእንግሊዝኛ አንድ ቃል ይመልስልኛል፣ ከዚያም ክፍሉ ገብቶ በሩን ይዘጋል። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ከዚህ ያለፈ ነገር በመካከላችን አልነበረም።

ሐምሌ 26 ቀን ማታ ግን ያ በር ተከፈተና ልጁ የጫማ ካርቶን ታቅፎ ወደ እኔ መጣ። በማግስቱ ወደ አባቱ ዘንድ ወደ ሌላ ክፍለ ሀገር ለሦስት ሳምንት ሊሄድ ነው። «እነዚህን ትጠብቅልኛለህ?» አለኝ። (የተናገረው በእንግሊዝኛ ነው፤ ከዚህ በኋላ ያለውንም ሁሉ ወደ አማርኛ የመለስኩት እኔ ነኝ።) ካርቶኑ ውስጥ ምግብ ቤት መረቅ የሚሸጥባቸውን የመሰሉ ክዳናም የፕላስቲክ ኩባያዎች ሦስት ተደርድረዋል። በየኩባያው ግማሽ ድረስ ቡናማ አፈር አለ። ሌላ የሚታይ ነገር የለም። «ባዶ ነው» አልኩት። በጣቱ ወደ አንዱ ኩባያ ጥግ ሲያመለክተኝ የአውራ ጣት ጥፍር የምታህል፣ ስምንት እግር ያላት ጠጉራም ነገር አየሁ። ካርቶኑን አልጣልኩትም፤ ይህንን እስከ ዛሬ እንደ ጀግንነት እቆጥረዋለሁ።

አክስቴ ከማድ ቤት ሆነው «ወይ ጉዴ፣ ለአንተም አሸከመህ?» አሉ። «እኔ እዚያ ክፍል መግባት ከተውኩ ቆየሁ። ውሻ ግዢልኝ ሲለኝ፣ ልጄ፣ ውሻ ይጮሃል፣ ባለቤቱ ያስወጣናል አልኩት። እንግዲያው የማይጮኽ እንስሳ አመጣሁ ብሎ ይህንን ይዞ ገባ። እኔው በአፌ!»

ታራንቱላ ናቸው። ስሙ ከየት መጣ ብዬ የፈለግሁት በኋላ ነው፤ የኪነ ጥበብ ፋኩልቲ ተማሪ ከእንስሳው በፊት ስሙን ማባረሩ አይቀርም። በደቡብ ኢጣልያ ታራንቶ የሚባል ከተማ አለ። በዚያ አገር አንዲት ሸረሪት የነደፈችው ሰው በጭፈራ ካልሆነ አይድንም ይባል ነበር፤ ታራንቴላ የሚባለውም ጭፈራ ስሙ ከዚያው ጋር የተያያዘ ነው። የታራንቶዋ ሸረሪት ግን ሌላ ዘር ናት። አውሮጳውያን አሜሪካ ደርሰው እጅግ ትልልቅ ጠጉራም ሸረሪቶች ሲያዩ የሀገራቸውን ስም አሸከሟቸው። በአፍሪካም ዘመዶች አሏቸው፤ በደቡብና በምሥራቅ አፍሪካ «የዝንጀሮ ሸረሪት» ይሏቸዋል። ማሪያ ሲቢላ ሜሪያን የምትባል ሴት ሠዓሊ ወደ ሱሪናም ተሻግራ፣ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር በ1705 ባሳተመችው መጽሐፍ እንዲህ ዓይነቷን ሸረሪት ትንሽ ወፍ ስትበላ ሥላ አሳይታለች። ብዙ ሊቃውንት አላመኗትም፤ ሊኔየስ ግን በ1758 ለሸረሪቷ ስም ሲያወጣ ከወፍ ነው ያወጣላት። እነዚህን የመሰሉ ነገሮች ለጨዋታ ይጠቅማሉ እንጂ አደራ ለመጠበቅ አይጠቅሙም።

ልጁ ሲሄድ አንድ ወረቀትና አንድ ደብተር ትቶልኝ ሄደ። ወረቀቱ ላይ ያለውን አሁን በቃሌ አውቀዋለሁ። በእጅህ አትንካቸው ይላል፤ ይህም ለእነሱ እንጂ ለአንተ ብሎ አይደለም። የእነዚህ ዝርያዎች መርዝ ሰው የሚገድል አይደለም፣ ሲያድጉ የሆዳቸው ጠጉር ያሳክካል እንጂ። ከእጅ ላይ የወደቀች ሸረሪት ግን ሆዷ ይፈነዳል። አፈሩ ከኮኮነት ልጥ የተፈጨ ነው፤ አንዱን ጥግ በጥቂት የውኃ ጠብታ አርጥብ፣ ሌላውን ደረቅ ተው፣ የምትሻውን እሷ ትምረጥ። አምፑል አታብራባቸው፣ ማሞቂያ አታስጠጋ፤ ለሰው የተስማማ ቤት ይበቃቸዋል። የክዳኑ ቀዳዳዎች በጋለ መርፌ የተበሱ ናቸው፤ ከሸረሪቷ ገላ የሰፋ ቀዳዳ ካየህ ግን ሸረሪቷም ሳታየው አልቀረችም ማለት ነው። በሳምንት ሁለት ቀን ከፌንጣ ግልገል አንዷን ስጣቸው፣ ከሸረሪቷ ገላ አትብለጥ። ከታች ሁለት ጊዜ የተሰመረበት ዐረፍተ ነገር አለ፦ «ካልበላች በዚያው ቀን ፌንጣውን አውጣ። አልታመመችም። ተዋት።»

ስም አልነበራቸውም፤ ቁጥር 1፣ ቁጥር 2፣ ቁጥር 3 ነበሩ። ይህ ንቀት መስሎኝ ነበር። በኋላ እንደነገረኝ ቁጥር ያወጣላቸው ለአንዲት ዝነኛ ሸረሪት ክብር ነው። የታራንቱላ የሩቅ ዘመድ የሆነች አንዲት ጉድጓድ ቆፋሪ ሸረሪት በምዕራብ አውስትራሊያ ትኖር ነበር። ባርባራ ዮርክ ሜይን የምትባል ሊቅ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር በ1974 በጀመረችው ጥናት ውስጥ «ቁጥር 16» ተብላ ተመዘገበች፤ የሞተችው በ43 ዓመቷ ነው፣ ያውም በእርጅና ሳይሆን ተርብ ነድፋት። ይህንን ስሰማ የእኔን ዕድሜ እጥፍ አስቤ ዝም አልኩ።

ቁጥር 1 ከሜክሲኮ ዘር ናት፤ ስታድግ ጉልበቷ ላይ ቀይ ቀለም ያወጣል፣ ያኔ ግን ገና የተልባ ውኃ መስላ ነበር። ቁጥር 2ና ቁጥር 3 ከመካከለኛው አሜሪካ ናቸው፤ ካደጉ በኋላ ጠጉራቸው ይጠቀለላል። በዚህ ዕድሜ ወንድና ሴታቸው አይለይም። እንግሊዝኛ ለዚህ የተመቸ ቃል አለው፤ አማርኛ ግን አንዱን ምረጥ ብሎ ያስጨንቃል። ሴቷ 20 ዓመትና ከዚያ በላይ ትኖራለች፤ ወንዱ ለአቅመ አዳም በደረሰ በጥቂት ጊዜ ይሞታል። ስለዚህ ሦስቱንም «እሷ» አልኳቸው፤ ዕድሜ መመረቄ ነው።

የመጀመሪያዎቹን ቀናት በወረንጦ አሳለፍኩ። ፌንጣዎቹ በአንድ ማሰሮ ውስጥ ካሮት እየበሉ ይጠብቃሉ፤ አንዷን በወረንጦ አነሣለሁ፣ እጄ ይንቀጠቀጣል፣ ክዳኑን ከፍቼ እጥላለሁ፣ ቶሎ እከድናለሁ። ቁጥር 1 ወዲያው ትይዛለች። ሌላው ሸረሪት እንደሚያደርገው ድር ዘርግታ አትጠብቅም፤ አፈሩ ላይ በዘረጋችው ስስ ሐር ኮቴ ሲያልፍ ትሰማና ትዘላለች። ክራንቻዎቿ እንደ መቀስ ከግራና ከቀኝ አይገጥሙም፣ እንደ ሁለት ዶማ ከላይ ወደ ታች ይወርዳሉ። ሥጋውን አታኝክም፤ ፈሳሽ አፍስሳበት ታሟሟውና ትመጠዋለች፣ ሲነጋ ከፌንጣው የሚተርፈው የምስር ፍሬ የምታህል ደረቅ እንክብል ነው። እግሯን የምትዘረጋው በጡንቻ ብቻ ሳይሆን በውስጧ ባለው ፈሳሽ ግፊት መሆኑን ሳነብ ደግሞ፣ የሞተች ሸረሪት ለምን እግሯን እንደ ጡጫ ጨብጣ እንደምትገኝ ገባኝ። ከአንድ ሳምንት በኋላ እጄ መንቀጥቀጡን ተወ። ማታ ማታ አክስቴ ወደ ሥራ ሲወጡ «ደህና ናቸው እነዚያ?» ብለው ከበሩ ማዶ ይጠይቁኝ ጀመር።

ደብተሩ ላይ በየቀኑ እጽፍ ነበር። በልማድ የጻፍኩት በአማርኛ ነው፣ ቀኑንም በእኛው አቆጣጠር፤ ባለቤቱ ማንበብ አለመቻሉ ትዝም አላለኝ። «ነሐሴ 5። ቁጥር 1 በላች። ቁጥር 2 በላች። ቁጥር 3 አልበላችም።» «ነሐሴ 8። ቁጥር 3 አልበላችም። ሆዷ ተነፍቷል፣ ጠቁሯል፣ ያብለጨልጫል። የጉድጓዷን አፍ በድር ዘግታለች።»

ይህን ጽሑፍ ስለ ሸረሪት የሚያውቅ ሰው ቢያነበው በአንድ ቃል ይፈርድ ነበር፦ ቆዳዋን ልትጥል ነው። የሸረሪት አጥንቷ ውጪዋ ነው፤ ለማደግ ያንን ቅርፊት አውልቃ ሌላ ማውጣት አለባት፣ ትንንሾቹ ደግሞ በየጥቂት ሳምንቱ ወይም በየወሩ ይህን ያደርጋሉ። ከዚያ በፊት ለብዙ ቀን አትበላም፤ ከዚያ በኋላም ክራንቻዋ ነጭና ለስላሳ ስለሆነ እስኪቀላ፣ ከዚያም እስኪጠቁር ድረስ መጾም አለባት። ወረቀቱ ይህንኑ ነግሮኛል። እኔ ግን ያደግሁት እንግዳ «ጠገብኩ» ሲል ማንም በማያምንበት ቤት ነው። በእኛ ቤት አንድ ጉርሻ ያጣላል፣ ሁለት ጉርሻ ያፋቅራል፤ አልበላም ያለ ሰው ተቀይሟል ወይም ታሟል፣ ሦስተኛ ምክንያት የለም። እናቴ ስልክ ስትደውል የመጀመሪያ ጥያቄዋ «ትበላለህ?» ነው። ሁለት ጊዜ የተሰመረበትን ዐረፍተ ነገር አነበብኩት፤ አላመንኩትም።

ነሐሴ 10 ዓርብ ማታ ለቁጥር 3 አንድ ፌንጣ ጣልኩላት። ሸሸች። ትልቅ ሆኖባት ይሆናል ብዬ አነስተኛ ጨመርኩላት፣ የዘጋችውን የጉድጓድ አፍም በወረንጦ ጫፍ ከፈትኩላት። «በይ እንጂ፣ በሞቴ» እንዳልኳት አስታውሳለሁ፤ ብቻዬን ነበርኩ፣ አላፈርኩም። ጊዜው ፍልሰታ ነበር። ቅዳሜ ከአክስቴ ጋር ቤተ ክርስቲያን ሄድን፣ ማኅሌት ቆመን አድረን እሑድ ረፋድ ላይ ተመለስን። እኛ ሁላችን እየጾምን ጾሟን በግድ ላስፈታት የሞከርኩት እሷን ብቻ መሆኑን ያሰብኩት ከዚያ በኋላ ነው።

ቁጥር 3 በጀርባዋ ተኝታ ነበር። ሸረሪት ቆዳ ስትጥል እንዲያ ነው የምትተኛው፤ ጀማሪ ሞተች ብሎ ይደነግጣል ይላል ወረቀቱ። አሮጌው ቅርፊት እስከ ግማሽ ወልቋል፣ ከሥር የወጣው ገላ እንደ ወተት ነጭ ነው። ሁለቱ ፌንጣዎች ደግሞ አጠገቧ ነበሩ። ተርበዋል፤ ካሮት አልሰጠኋቸውም። ሦስት እግሮቿንና የሆዷን አንድ ወገን በልተውታል። ያን ጊዜ መነሣት አትችልም፣ መንከስ አትችልም፣ ሸሽታ የምትገባበትን ጉድጓድ የከፈትኩት እኔ ነኝ።

ኩባያውን ዘግቼ አልጋዬ ላይ ተቀመጥኩ። አክስቴ «ምነው ፊትህ?» አሉኝ፤ «ድካም ነው» አልኳቸው።

እዚህ ላይ፣ አንባቢ ሆይ፣ የማላመሰግንበትን ነገር ልናገር። ፌንጣዎቹን አውጥቼ ጣልኳቸው። ደብተሩን ከፍቼ «ነሐሴ 12። ቁጥር 3 ሞተች» ብዬ ጻፍኩና ብዕሬን አስቀመጥኩ። ውሸት የለበትም። ትንንሽ ሸረሪቶች ቆዳ ሲጥሉ አንዳንዴ ይሞታሉ፣ ይህን ልጁ ራሱ ጽፎልኛል፤ ማንም አይጠይቀኝም። አንድ ሰው በሦስት ቃል እውነት ተናግሮ ምን ያህል ሊደበቅ እንደሚችል በፍልስፍና ክፍል ተነግሮኝ ነበር፤ በተግባር ያየሁት ያን ቀን ነው። በማግስቱ ከሥሩ ጨመርኩበት፦ «ሁለት ፌንጣ ትቼባት ሄድኩ። በሏት። ጉድጓዷንም የከፈትኩት እኔ ነኝ።»

ልጁ ነሐሴ 18 ቀን ተመለሰ። ቦርሳውን ሳያወርድ ወደ ካርቶኑ ሄደ፣ ሁለቱን አየ፣ ሦስተኛውን አየ። ከዚያ ደብተሩን ገለጠና ግራ ተጋብቶ ወደ እኔ ዞረ። ፊደሉን አያውቅም። ቀኑም አልገባውም፤ በእሱ ስሌት ያን ዕለት ነሐሴ 24 ነው፣ እኔ 18 ብያለሁ። «አንብብልኝ» አለኝ።

እየቆጠርኩ፣ ቀኑን ወደ ፈረንጅ አቆጣጠር እየለወጥኩ፣ ከመጀመሪያው ጀመርኩ። እሱ በሌላ ወረቀት ላይ ይጽፋል። ነሐሴ 5 ላይ ስደርስ አንገቱን ነቀነቀ። ነሐሴ 8 ላይ «ልትጥል ነበር» አለ፣ በደስታ ማለት ይቻላል። እኔ ከፊቴ ያለውን መስመር እያየሁ ዝም አልኩ። ከሥሩ የተጨመረውን ባላነበው የሚያውቅብኝ በዓለም ላይ አልነበረም፤ እናቱ እንኳን እዚያ ክፍል አትገባም። አነበብኩለት። እንግሊዝኛዬ ድሮም ደህና አይደለም፣ ያን ጊዜ ደግሞ ጨርሶ ተሰባበረብኝ፤ «ፌንጣ» የሚለውን ቃል ሁለት ጊዜ አሳስቼ ነው ያረምኩት።

ረጅም ጊዜ አልተናገረም። በኋላ «በጀርባዋ ነበረች?» አለኝ። «አዎ» አልኩት። «ግማሹ ወጥቶ ነበር?» «አዎ።» ጻፈው። የተቆጣኝ አይመስልም፣ ይቅር ያለኝም አይመስልም፤ የሚመዘግብ ሰው ይመስላል። ኩባያውን አንሥቶ ወደ በረንዳ ወጣና አፈሩን ከነሷ እናቱ ጤና አዳም በተከሉባት ማሰሮ ላይ ገለበጠው። አክስቴ በመስኮት አይተው አፋቸውን ሊከፍቱ ሲሉ በእጄ ምልክት ሰጠኋቸው፤ ተዉት።

ማታ በሬን አንኳኳ። ደብተሩን ይዟል። ጣቱን በየመስመሩ በተደጋገመው ቃል ላይ አድርጎ «ይኼ ምንድን ነው?» አለኝ። «በላች» አልኩት። «ይኼስ?» «አልበላችም።» ከፊት የምትጨመረዋን «አል»ና ከኋላ የምትመጣዋን «ም» አሳየሁት። ለአንዲት እምቢታ ቃሉን ከሁለት ወገን ማጠራችን አስገረመው። «በላች»ን ሦስት ጊዜ ጻፈ፤ «ላ»ን ባለ አንድ እግር አደረጋት። «ሞተች»ን አልጠየቀኝም። ልሄድ ሁለት ሳምንት እስኪቀረኝ ድረስ ቁጥር 1ና ቁጥር 2ን አብረን መገብን፤ ማለትም እሱ መገበ፣ እኔ ፌንጣዎቹን ቆጠርኩ፣ ቆጥሬም አወጣሁ።

ለአዲስ ዓመት ሀገሬ ገባሁ። መኝታ ክፍላችን ጣራ ጥግ ላይ እግረ ረጅም ሸረሪት አለች፤ ጓደኛዬ መጥረጊያ ሲያነሣ እከለክለዋለሁ፣ አሜሪካ ሰው ያበላሻል ይለኛል።

በ2017 ዓ.ም. ኅዳር ወር ላይ ከልጁ አንድ ፎቶግራፍ በስልኬ ደረሰኝ። የደብተሩ ገጽ ነው። በተጣመመ ፊደል «ኀደር 12። ቁጠር 1 ቆደ ጠለች» ይላል። ከደብተሩ ጎን አሮጌው ቅርፊት ከነስምንት እግሩ ባዶውን ተቀምጧል፣ ከኋላ ደግሞ በኩባያው ግድግዳ ውስጥ አንዲት ሸረሪት ትታያለች፤ ጉልበቷ ላይ ያለው ነገር ቀይ መሆኑን ፎቶውን አጉልቼ ባየውም መማል አልችልም። ቀኑን ቆጠርኩት፣ ልክ ነው።

«ለአንድ ሳምንት ምግብ እንዳትሰጣት» ብዬ ጻፍኩለት።

«አውቃለሁ» አለኝ።